የመጸው ሻይ በኩታበርና በደሴ ደጋ

መጸው መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። በደቡብ ወሎ ደጋ ይህ ወቅት የአበባና የእሸት ብቻ ሳይሆን የውርጭም ጊዜ ነው። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ሲጠራ የቀኑ ፀሐይ ቢሞቅም ሌሊቱ ይከፋል። ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኩታበር የጥቅምትና የኅዳር ማለዳ ያለ ትኩስ ነገር አይገፋም። ዛሬ በዚያ ማለዳ ቅመም የገባበት ሻይ መጠጣት የተለመደ ነው። ልማዱ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት የቆየ አይደለም።

ከሻይ በፊት ስፍራው የቡና ነበር። ወሎ የእስልምና ትምህርትና የመንዙማ አገር በመሆኑ ቡና ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎትና በዱዓ ላይ ከጥንት ጀምሮ ይፈላ ነበር። ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ የሚሄደው ሥርዓትም በምርቃት የታጀበ ነው። በአንጻሩ ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብለው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ይርቁት ነበር። በኋላ ሁለቱም ወገን በአንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ ጀመረ። የወሎ ገጠር ቡና ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል፤ በስኳር ፋንታም በጨው ይጠጣል። ጨው ከአፋር ቆላ ተጭኖ በባቲ የሰኞ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ስለነበር ማንም ያገኘው ነበር።

የሻይ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ቅጠሉም ስኳሩም በባሕር በር የሚገቡ የነጋዴ ዕቃዎች ስለነበሩ ሻይ ለረዥም ጊዜ የከተማና የባለጸጋ መጠጥ ሆኖ ቆየ። ወደ ወሎ ያቀረበው መንገድ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ ከአሰብ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚደርስ የመኪና መንገድ ተሠራ። ኮምቦልቻ የወደብ ጭነት የሚያርፍባት፣ ደሴም የሚከፋፈልባት ከተማ ሆኑ፤ ሻይ ቤትም ከሾፌሩና ከነጋዴው ጋር አብሮ ተስፋፋ። ስኳር ደግሞ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ የአገር ውስጥ ምርት ሆነ። ሻይ ወደ ገጠሩ ቤት እንዲገባ ከቅጠሉ ይልቅ የረዳው የስኳሩ መገኘት ነው ማለት ይቻላል፤ ቡናን በጨው የለመደ ሰው ሻይን በጨው አይጠጣምና። ቅጠሉም ቀስ በቀስ ከውጭ ብቻ መምጣቱ ቀረ። በኢሉባቦር የጉመሮ፣ በካፋ የውሽውሽ እርሻዎች ምርት ታሽጎ በየሱቁ ይሸጥ ጀመር።

በደጋው ሻይ የሚፈላበት መንገድ የራሱ ምክንያት አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በዚህ ሙቀት ብርጭቆ ውስጥ ብቻ የተዘፈዘፈ ቅጠል ቶሎ አይወጣለትም። ቅጠሉንና ቅመሙን በማንቆርቆሪያ እሳት ላይ አብሮ ማንተክተክ ስለዚህ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ቀረፋ በተለይ ጊዜ ካልተሰጠው ጣዕሙን አይለቅም።

የደጋው ሰው ሻይ ሲመርጥ የሚመርጠው ከቅጠሉ ይልቅ ቅመሙን ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ሻይ ከመግባቱ አስቀድሞ በምፅዋ በኩል ወደ ደጋው የሚደርሱ የሩቅ አገር ሸቀጦች ነበሩ። ኮረሪማ ከደቡብ ምዕራብ ደን ይመጣል። የወጥና የቅቤ ቅመም የነበሩት ናቸው ወደ ሻይ የተሻገሩት። ለውርጭ ማለዳ ቀረፋና ቅርንፉድ፣ ጉንፋን ለያዘው ዝንጅብል ይመረጣል። በጽጌና በነቢያት ጾም፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ ጿሚው ክርስቲያን ሻይ በወተትን ትቶ በቅመም ብቻ ይጠጣል።

ከሁሉም ይልቅ የደጋው የራሱ የሆነው ግን ያለ ሻይ ቅጠል የሚፈላው ጦስኝ ነው። ጦስኝ በከፍተኛ ቦታዎች መሬት ለመሬት የሚንሰራፋ፣ ቅጠሉ ደቃቅ፣ አበባው ሐምራዊ ወይም ፈዛዛ ሮዝ የሆነ ተክል ሲሆን የሚበቅሉት ሁለቱ ዝርያዎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኙም። ሽታውን የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች ናቸው። ዘይቶቹ በእንፋሎት ስለሚበኑ ጦስኝ እንደ ቀረፋ አይንተከተክም። ውኃው ፈልቶ ከእሳት ሲወርድ የደረቀው ቅንጣቢ ይጨመርና ይከደናል፤ ጥቂት ቆይቶ በማር ወይም በስኳር ይጠጣል። ለሳልና ለብርድ ይበጃል ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ሲጠጣ ኖሯል፤ በሽሮና በበርበሬም ይገባል። በመጸው የደጋ መጠጥ መምረጥ ለሚፈልግ ቀዳሚው ምርጫ ይህ ሊሆን ይገባዋል።

ጦስኝ በብዛት የሚሰበሰበው ከዱር ነው። ለገበያ የሚለቅሙ ሰዎች ለፍጥነት ሲሉ ከነሥሩ ስለሚነቅሉት፣ የግጦሽና የእርሻ መስፋፋትም ስለተጨመረበት፣ በብዙ ተራራ ላይ እየሳሳ ሄዷል። የሚለቅም ሰው ጫፉን በማጭድ ቆርጦ ሥሩን ይተው፤ የሚገዛም ሰው ሥር ያልተነቀለበትን እስር ይምረጥ።