የአገው ምድር ማርና የራይን ወይን

ከወይን ፍሬ የተጠመቀውን መጠጥ ቋንቋችን «የወይን ጠጅ» ይለዋል፤ መጠሪያውን ከማር ጠጅ ተውሶ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መጠጦች አስተያይተን ብንመለከት ከርእሳችን የራቅን አይመስለንም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገው ምድር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቀድሞ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። አገዎች ማር፣ ቅቤና ሰም ጭነው፣ ከሺህ እስከ ሺህ አምስት መቶ ሰው ሆነው ወደ ጎንደር ይጓዙ እንደ ነበር በመጽሐፉ ገልጿል። እንግዲህ በጎንደር ግብር ከሚጠጣው ጠጅ፣ ዛሬ እንጅባራና ዳንግላ ካሉበት አገር በመጣ ማር የተጣለ እንደ ነበረበት መገመት አያስቸግርም።

በጀርመን አገር ደግሞ በ1775 በራይን ወንዝ አጠገብ፣ በዮሐኒስበርግ፣ የወይን ለቀማውን ፈቃድ ከፉልዳ የሚያመጣው መልእክተኛ ዘገየ። ዘለላው ሻገተ፤ ሆኖም ለቅመው ቢጠምቁት እጅግ ጣፋጭ ሆኖ ተገኘ ተብሎ ይተረካል። «ሽፔትሌዜ» ማለትም «ዘግይቶ የተለቀመ» የሚለው ቃል የማዕረግ ስም ሆነ፤ በ1971 የወጣው ሕግም አጸናው። ጀርመኖች ይህን ማዕረግ ከወይኑ ዘር ከሪስሊንግ፣ ከመንደሩና ከዓመቱ ጋር በጠርሙሱ ላይ ይጽፉታል።

የሪስሊንግ ጣፋጭነት በኮምጣጣነቱ ስለሚመዛዘን አይሰለችም፤ የጠጅንም ጣፋጭነት የጌሾ ምሬት ይገታዋል። ብርቱ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። ስለዚህ ደረቁ ሪስሊንግ ለዓሣ፣ ጣፋጩና ለዘብ ያለው በርበሬ ለበዛበት ምግብ ይመረጣል። እኛም በዶሮ ወጥ ላይ ጠጅ ስንጎነጭ ይህን ሥርዓት ሳንጽፈው ስንፈጽመው ኖረናል።

አንድ ጊዜ በእንጅባራ በእንግድነት ማዕድ ቀርበን፣ በርሌው እንደ ተሰጠን፣ ማሩ ከወዴት እንደ መጣ ጠየቅን። ጠጁን የጣሉት ባልቴት ቀፎው የማን እንደ ሆነ፣ ንቡ የቀሰመውን አበባና ማሩ የተቆረጠበትን ወር ሳያመነቱ ነገሩን። ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ የተጻፈ ግን አንድም አልነበረም። በስኳር የተሠራ ጠጅ በማር ጠጅ ስም ሲሸጥ ምን ምስክር እንጠራለን?

የፉልዳው መልእክተኛ መዘግየት ለጀርመኖች ስም አተረፈላቸው። የእኛ መዘግየት ግን እንዲህ ያለ ትርፍ የለውም፤ ባልቴቶቻችን ሲያልፉ ዕውቀታቸው አብሯቸው ይቀበራልና፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ።