ጠፍቶ ያልጠፋው ኮምፒውተር

ከመካከላችን አንዱ ለሥራ ሐዋሳ ወርዶ ሳለ፣ ጠዋት ማስረከብ ያለበት ጽሑፍ አዲስ አበባ እቤቱ ዴስክቶፕ ውስጥ መቅረቱ ትዝ አለውና እናቱ ጋ ደወለ።

«እማዬ፣ እስቲ ኮምፒውተሩን ክፈቺልኝ።»

«መች ተዘጋና? ከኋላው አረንጓዴ መብራት ቦግ እልም ይላል እኮ!»

ሳቅንበት። ነገሩን ስንመረምረው ግን ልክ እናት ሆነው ተገኙ። ያቺ የኔትወርክ ገመዱ መሰኪያ ላይ ያለች መብራት የራሷ ታሪክ አላት።

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ እንቁጠረው) የፒሲ ማጥፊያ ከአምፖል ማጥፊያ አይለይም ነበር። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በራሱ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፤ ቁልፉ ሲጠፋ ማሽኑም በድን ነው። በዊንዶውስ 95 ዘመን በጥቁር ስክሪን ላይ በብርቱካናማ ቀለም «አሁን ማጥፋት ይችላሉ» የሚለውን መልእክት ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሶፍትዌሩ ራሱ ማጥፋት ስለማይችል ሰውየውን እጅህን ዘርጋ ማለቱ ነበር።

በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ አሠራር ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ የፊት ለፊቷ ቁልፍ ኤሌክትሪክ መቁረጧን ትታ ለማዘርቦርዱ ጥያቄ ማቅረብ ጀመረች። ጥያቄውን የሚሰማ ነቅቶ የሚጠብቅ አካል ያስፈልጋልና፣ ማሽኑ «ጠፍቶም» ቢሆን ገመዱ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልት የምትሰጥ አንዲት መስመር ሥራ ላይ ትቆያለች። የእናት አረንጓዴ መብራት ከዚህች የመጣች ናት።

ዘበኛው ካልተኛ ደግሞ ከሩቅ መጥራት ይቻላል ማለት ነው። በዚያው በ1995 ኤኤምዲ ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ሆኖ «ማጂክ ፓኬት» የተባለውን ጥሪ አወጣ። በ1996 ኅብረት የፈጠሩት አይቢኤምና ኢንቴል ደግሞ በ1997 «ዌክ ኦን ላን» በሚል ስም ለገበያ አስተዋወቁት። አስማት የሚባል ነገር እንኳ የለበትም። መጀመሪያ 255 የሚለው ቁጥር 6 ጊዜ፣ ቀጥሎ የተፈላጊው ኔትወርክ ካርድ መለያ አድራሻ 16 ጊዜ ይደጋገማል፤ ድምሩ 102 ባይት። አንድን ሰው በስሙ 16 ጊዜ እንደመጥራት ቁጠሩት። ካርዱ ሌላ ምንም አይገባውም፤ በአጋጣሚ የማይመጣውን ይህን ድግግሞሽ ሲሰማ ብቻ ማዘርቦርዱን ይቀሰቅሳል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ግን እኛ አልታሰብንም። የታሰበው ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ መቶ ኮምፒውተር ቀስቅሶ ሶፍትዌር የሚጭነው የመሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ነው። ጥሪው በአንድ ግቢ ውስጥ ላለ ሁሉ የሚበተን ጩኸት ስለሆነ፣ ከኢንተርኔት ወደ ቤት ማስገባቱ ሌላ ጣጣ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ስመርፍ» የተባለው ጥቃት ይህንኑ ለሁሉም የመበተን አሠራር መሣሪያ አድርጎ ብዙ ኔትወርኮችን ስላጨናነቀ፣ በ1999 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ራውተሮች ከውጭ የሚመጣን እንዲህ ያለ ጩኸት ሳይጠየቁ እንዳያሳልፉ አዘዘ። ስለዚህ የቤት ተጠቃሚው ጥሪውን ከውስጥ የሚያሰማለት ነገር ይፈልጋል፦ ይህን የሚችል ራውተር፣ አለዚያም እንደ ራስበሪ ፓይ ያለች ሁልጊዜ የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር።

በሩን ያወቀው ባለቤቱ ብቻ አለመሆኑ ነው የሚያስፈራው። በ2020 መጀመሪያ ይፋ እንደሆነው፣ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው «ርዩክ» የተባለ ቫይረስ በገባበት ኔትወርክ ውስጥ የተኙ ኮምፒውተሮችን በዚሁ ማጂክ ፓኬት እየቀሰቀሰ ፋይላቸውን ይቆልፍ ነበር። «አጥፍቼው ነው የሄድኩት» ማለት መከላከያ መሆኑ ቀረ።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ያን ቀን እናቱ ቁልፏን ተጭነው ጽሑፉን በስልክ አነበቡለት፤ እሱም አንድ በአንድ ጻፈ። ሲመለስ ባዮሱን አስተካከለ፣ ራውተሩን አዘጋጀ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ አደረገ (መብራት ከተቋረጠ በኋላ ጥሪ የማይሰሙ ካርዶች ብዙ ናቸው)። ከቢሮው ሞከረው፤ ሠራ። ክረምት ገባና አንድ ቀን ደጋግሞ ቢጠራው ዝም አለው። እቤት ደወለ።

«መብረቅ ሲያጉረመርም ነቀልኩት» አሉት።