ከካርድ መሳቢያ እስከ አዲስ ዓለም

በስድስት ኪሎ የታሪክ ትምህርት ክፍል ያለፈ ሰው የአንድን የመመረቂያ ጽሑፍ ዋጋ ለማወቅ መጀመሪያ የሚገልጠው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው። ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች ስም ከነዕድሜያቸው፣ ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን ጭምር፣ በሰንጠረዥ የሰፈረው እዚያ ነው። ሰንጠረዡ ሦስት ስም ብቻ ይዞ ሦስቱም ያንድ ቀበሌ ሰዎች ከሆኑ ጽሑፉን ወደ መደርደሪያው መመለስ ነው። አሥራ አምስት ሽማግሌ፣ ከመካከላቸውም ሁለት ሦስት ሴቶች ካሉበት ግን ወንበር ስቦ መቀመጥ ያስፈልጋል። እኔ በ1970ዎቹ ተማሪ ሳለሁ ማንም ሳያስተምረኝ ከጓደኞቼ የቀሰምኩት አነባበብ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስም አልተውኩትም።

ልማዱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር አብሮ ያደገ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ስለ አገራችን ይነበብ የነበረው አብዛኛው መጽሐፍ የውጭ መንገደኛና የሚሲዮናዊ ሥራ ነበር። መንገደኛው ያየውን ጽፏል፤ ያላለፈበት አገር ግን በወረቀት ላይ የለም። የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ይህን ጉድለት በቅርብ ያዩ ሰው ናቸው። በእነዚያው ዓመታት የኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎቹ ስለ ሠርግ፣ ስለ ቀብር፣ ስለ ሌላውም የአገር ቤት ልማድ እንዲጽፉ እያደረገ ጽሑፋቸውን በመጽሔት ያሳትም ነበር። ከጎጃም የመጣው የጎጃምን፣ ከወለጋ የመጣው የወለጋን ይዞ ይቀርባል። አስተውሉ፤ ገና ያልተመረቀ ልጅ የጻፈው ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ተከታዩም ተማሪ ያንን እንደ ምንጭ ይጠቅሳል። በዘመኑ በብዙ አገር የተማሪ ወረቀት መምህሩ ነጥብ ሰጥቶበት የሚጣል ነገር ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጥተው ዩኒቨርሲቲው በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ልክ ከዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ግርግር የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ታጋቾቹ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑት በዚያው ሕንፃ አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት መኖሪያው ይኸው ቤተ መንግሥት ሆነ። ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ሆይናትስኪ ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ሙዚየሙ የንጉሡን መኝታ ቤት ያሳያል፤ እኛም በዚያው ጣሪያ ሥር ስለ ገባርና ስለ ርስት እናነብ ነበር። በደርግ ጊዜ ይህን ነገር እያነሱ የሚቀልዱ ልጆች አይጠፉም ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው እንጂ።

የምርምሩ ሥራ የሚጀመረው ከካርዱ ነበር። ከእንጨት የተሠራ ቁምሳጥን፣ በየመሳቢያው የታጨቀ ትንንሽ ካርድ፣ ካርዱ እንዳይወጣ ከሥር የሚሰካው የብረት ዘንግ። አንዱ ረድፍ በደራሲ፣ አንዱ በርዕስ፣ አንዱ በጉዳይ ይደረደር ነበር። የውጭው ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ሲገባ የእኛ ሰው በራሱ ስም ይገባል፤ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ወልደ መስቀል» ብሎ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚያስቸግረው የላቲኑ ፊደል ነው። ምኒልክን ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት ይጽፋቸዋል፣ በጸ የሚጀምር ስም ደግሞ ያንዱ ሰው በቲ፣ የሌላው በኤስ ይጀምራል። ስለዚህ የሚፈልጉትን ስም ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ አስቀድሞ ደብተር ላይ አስፍሮ መሄድ ግድ ነው። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ይህ ምክሬ ዋጋ አላጣም፤ ማሽኑም እኮ አንድ ፊደል ሲሳሳቱ «የለም» ይላል።

ከካርዱ የተገኘው ቁጥር በጥያቄ ወረቀት ላይ ይሞላና፣ ወረቀቱ ከመታወቂያ ጋር ለሠራተኛው ይሰጥና፣ መጽሐፉ ከውስጥ ይመጣ ነበር። ወደ ቤት ይዞ መሄድ አልነበረም። ይህ አሠራር በጊዜው ቢያበሳጭም ሥራ አስተምሯል፤ መጽሐፉ ማታ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገውን ገጽ ለይቶ ያነባል። የወሰደውንም በእጁ ይገለብጣል፦ ባንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር፣ ከላይ ርዕሱ፣ ከታች መጽሐፉና ገጹ። ጽሑፉን ለማርቀቅ ሲቀመጥ ካርዶቹን ወለል ላይ ዘርግቶ ከወዲያ ወዲህ ያገላብጣቸዋል።

የእኔ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲጀመር «የአዲስ አበባ ከተማ ዕድገት» የሚል ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን አንብበው «ይሄ የአንቺ ዕድሜ አይበቃውም» አሉኝና አንድ ጥያቄ ሰጡኝ፦ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ለምን ተዉት? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚነበበውንም የማይነበበውንም ይለያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንጦጦና አካባቢው ተመንጥሮ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ነበር። ንጉሡ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ሐሳቡ ቀረና ሕንፃው ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በመካከሉ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከውጭ ያስመጣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይባላል። ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ አዲስ አበባን ከመነቀል አዳናት የሚለው ታሪክ በየመጽሐፉ አለ።

በየመጽሐፉ መኖሩ ነው ያጠራጠረኝ። ከየት ተነሣ ብዬ የግርጌ ማስታወሻዎቹን ወደ ኋላ ስከተል አምስት የሚመስለው ምንጭ ተሰብስቦ ሁለት ይሆናል። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉትን የምኒልክን ታሪክ ልብ ብዬ ያነበብኩት ያኔ ነው። ይህ መጽሐፍ አማርኛው በ1959 ዓ.ም. ከመታተሙ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ወጥቷል፤ ብዙ የውጭ ጸሐፊ የጠቀሰውም ያንን ነው። ዝክረ ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ያገለግላል። ማኅተመ ሥላሴ በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ በ1962 ዓ.ም. በድጋሚ የወጣው ይህ ትልቅ ጥራዝ የግብሩን፣ የመሬት ሥሪቱንና የቤተ መንግሥቱን የሥራ ክፍል አሰባስቦ ይዟል። በመንግሥቱ ቤት ምን ይሠራ እንደነበረ ይናገራል፤ ሰዉ ምን ይል እንደነበረ ግን አይናገርም። ፓንክረስት በኢኮኖሚ ታሪካቸው ከውጭ መንገደኞች የለቀሙትን በአንድ ቦታ ስላስቀመጡልን የብዙ ወር ድካም አቅልለውልናል። እኔ ተማሪ ሳለሁ እሳቸው አገር ውስጥ አልነበሩም፤ በካርድ መሳቢያው ግን ከእሳቸው የበለጠ ቦታ የያዘ ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ አለቀ። የስድስት ኪሎ ልማድ ጠንካራ ጎኑ እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም ይባላል። ትምህርት ክፍሉ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሰጥ፣ ደብዳቤው ለአውራጃው ይቀርብ፣ አውራጃው ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው ይመራው ነበር። በዚያ ዘመን ደብተር ይዞ ሽማግሌ የሚጠይቅ እንግዳ ሰው እንደ ዋዛ አይታይም ነበር። አዲስ ዓለም የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። መጀመሪያ ያነጋገርኳቸው አዛውንት ደብዳቤዬን ገልብጠው አዩና «ልጄ፣ የመሬት ጉዳይ ነው ወይስ የግብር?» አሉኝ። ሁለቱም አለመሆኑን እስኪያምኑ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ።

የነገሩኝ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ስለ ሥራው ነበር። ድንጋይ ስላመላለሰው፣ እንጨት ስለተሸከመው፣ ከየት አገር ተጠርቶ እንደመጣ፣ ከተማው ሲቀር ማን ቀርቶ ማን እንደሄደ። ዛፉን ያነሣ ጥቂት ሰው ነው። ይህ የመጽሐፉን ታሪክ አያፈርስም፤ ንጉሡ በልባቸው ያሰቡትን ጭነት ተሸካሚው አያውቅም። ግን ጥያቄዬን ለሁለት ከፈለው፤ ጽሑፌም የተሻለ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው።

የልማዱ ደካማ ጎን የመጀመሪያው ምዕራፍ ነበር። «መልክዓ ምድርና ሕዝብ» የሚባለው፣ ከፍታውንና ዝናቡን የሚዘረዝረው ክፍል። አንዱ ስለ አንድ አውራጃ የጻፈውን ተከታዩ ይገለብጠዋል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይወስዳል። ዛሬ ሁለት ጽሑፎችን አጠገብ ላጠገብ አድርጎ ያነበበ ሰው ያው ስሕተት ከነሥርዓተ ነጥቡ ሲወርድ ያገኘዋል። ስለዚህ ምዕራፍ አንድን ዘልዬ ሁለት ላይ እጀምራለሁ፤ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቷል፤ ከዚያም የቀይ ሽብሩ ጊዜ መጣ። ሰንሰለቱ ግን አልተበጠሰም። እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲከፈት የማስተርስ ጽሑፎች ተጨመሩበት። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ የእነዚህን ተማሪዎች ሥራ በምንጭነት ተጠቅመዋል። በየወረዳው በእግሩ ዞሮ የጠየቀ የሃያ ዓመት ልጅ ሥራ ዓለም በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ጽሑፉ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት በአማርኛና በኦሮምኛ። ከአንድ ከሰዓት ጨዋታ ገጹ ላይ የሚደርሰው ሁለት ዓረፍተ ነገርና የግርጌ ቁጥር ነው። ካሴት ውድ ስለነበረ ያንዱ ሽማግሌ ቃል በሌላው ላይ ይቀዳ ነበር፤ ቴፕ የሌለውም በደብተር ይጽፋል። ታይፒስቷ የምትፈልገው የተስተካከለውን ረቂቅ ብቻ ነው፣ የሚጠረዘውም እሱ ነው። ስለዚህ ሰውዬው በራሱ አፍ ያለው ነገር የት አለ ቢባል መልሱ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አይደለም። የእኔ ሁለት ደብተር ቤቴ አለ። የክፍል ጓደኞቼ ያላቸውን እንዳይጥሉ ስደውል ከርሜአለሁ፤ አንዷ ሐዋሳ ያለች ጓደኛዬ ሙሉ ካርቶን አግኝታለች፣ ካርዶቹም አብረው አሉ።