የዚል–ኒልሰን ማቅለሚያ ቀለሞችና የአክታ ስላይድ

የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ግድግዳው ማይኮሊክ አሲድ በሚባል ሰም መሰል ቅባት የተሞላ በመሆኑ ተራ ቀለም በቀላሉ አይዘልቀውም፤ አንዴ የዘለቀውን ግን በአሲድ ቢታጠብ እንኳ አይለቅም። ይህን ጠባይ ፖል ኤርሊክ የደረሰበት ሮበርት ኮክ የበሽታውን መንሥኤ ባስታወቀበት በ1882 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ፍራንዝ ዚል ካርቦሊክ አሲድን፣ ፍሪድሪክ ኒልሰን ደግሞ ፉክሲን የተባለውን ቀይ ቀለም በማስገባት ዘዴውን አሁን ወደሚታወቅበት መልክ አደረሱት።

በስላይዱ ላይ በስሱ የተቀባው አክታ ከደረቀና በእሳት ሙቀት ከተጣበቀ በኋላ ካርቦል ፉክሲን ይፈስበትና እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ፣ ሳይፈላ፣ ከሥሩ ይሞቃል፤ ቀለሙን በቅባቱ ውስጥ የሚያሳልፈው ይህ ሙቀት ነውና። ቀጥሎ አሲድና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከነቀርሳው ባሲለስና ከጥቂት ዘመዶቹ በቀር ከሌላው ሁሉ ቀዩን ያጥባል፤ ቀለም አልባ የሆነውንም ሜቲሊን ብሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። 1000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰማያዊው መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ጎልተው ይወጣሉ።

ባሲለሱ በአክታው ውስጥ ጥቂት ሲሆን ሕሙማን ከምርመራው ያመልጣሉ፤ ይህም በሕፃናትና ኤችአይቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው። ቢሆንም ውድ መሣሪያ ስለማይጠይቅ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ጤና ጣቢያዎች ለአሥርተ ዓመታት የነቀርሳ ምርመራ ዋና መሠረት ሆኖ አገልግሏል።