የትዳር አጋር ቪዛ (ብሪታንያ)

የብሪታንያ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የውጭ አገር ተወላጅ የሆነ የትዳር አጋሩን ወደ አገሩ ወስዶ አብሮ እንዲኖር የሚያስችል የመግቢያ ፈቃድ ነው። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን፣ ትዳራቸው እውነተኛ መሆኑንም በማስረጃ ማሳየት አለባቸው። አመልካቹ መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ችሎታ ይጠየቃል፤ ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት ያቀርባል።

ዋናው ማነቆ ገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት 18,600 ፓውንድ ተብሎ የተደነገገው ዝቅተኛ ገቢ በኤፕሪል 2024 ወደ 29,000 ከፍ ብሏል። በቁጠባ ብቻ ለማሟላት በዚሁ ስሌት 88,500 ፓውንድ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ለሚኖር ቤተሰብ ነገሩ ይብሳል፤ አመልካቹ በውጭ አገር የሚያገኘው ደመወዝ አይቆጠርምና ሸክሙ ሁሉ በብሪታንያዊው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። እሱም ቢሆን ደመወዙ ብቻ አይበቃውም፤ በተመለሰ በ3 ወር ውስጥ የሚጀምረው ሥራ አስቀድሞ ማግኘት ይጠበቅበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 የገቢውን ወለል በመርህ ደረጃ ቢያጸናም፣ ደንቡ ለልጆች ደኅንነት ተገቢውን ቦታ አልሰጠም ብሏል።

ብሪታንያ ውስጥ ከተወለደ ዜጋ ውጭ አገር የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዜጋ ስለሆነ ፓስፖርት እንጂ ቪዛ አያስፈልገውም። ልጆቹ በነጻነት ሲገቡ እናት ወይም አባት ደጅ የሚጠናበት ቤተሰብ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ፈቃድ ለ2 ዓመት ከ9 ወር ያገለግላል፤ ታድሶ 5 ዓመት ሲሞላ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይቻላል።