ስለ ሮማውያት እመቤቶች ልብስ

በጥንታዊት ሮሜ ልብስ የሴቲቱን ማዕርግ በአደባባይ የሚናገር ምስክር ስለ ነበረ፥ በሕግ የተጋባች ነጻ እመቤት ከውስጥ ቱኒካ የተባለውን ቀሚስ ለብሳ፥ በላዩ ከትከሻዋ በማንገቻ ተይዞ እስከ እግሯ የሚወርደውን ስቶላ ደርባ፥ ከቤት ስትወጣም ፓላ በተባለው ሰፊ ኩታ ራሷን ተከናንባ በታየች ጊዜ፥ ባለ ባልና ክብርት መሆኗን መንገደኛው ሁሉ ያውቅ ነበር። ለወንዱ የዜግነቱ ክብር የነበረው ቶጋ ግን አካለ መጠን በደረሰች ሴት ላይ ሲታይ የዝሙት መታወቂያ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ጨርቁ በአብዛኛው ከበግ ጠጉር የሚሠራ ሲሆን፥ ፈትል የሴት ምግባር ዋና መለኪያ ስለ ነበረ፥ ሚስቱ የሞተችበት ሰው በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ቤቷን መጠበቋንና ጠጉር መፍተሏን ያስቀርጽላት ነበር፤ አውግስጦስ ቄሳር ራሱ በቤቱ ሚስቱ፥ እኅቱና ልጁ የሠሩትን ልብስ ይለብስ እንደ ነበር ተጽፏል። በባለጸጎች ቤት የእንዝርቱን ድካም የሚሸከሙት ገረዶች ነበሩ፤ ምስጋናው ግን የእመቤቲቱ ነበር።

የካርታጎው የጦር አለቃ ሐኒባል የሮሜን ሠራዊት በካኔ ጦር ሜዳ ከፈጀ በኋላ፥ በ215 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፥ ጋይዮስ ኦፒዮስ የተባለው የሕዝብ ጠበቃ ባወጣው ሕግ ማንኛዪቱም ሴት ከግማሽ ወቄት የበለጠ ወርቅ እንዳይኖራት፥ በሐምራዊ ቀለም ያጌጠ ልብስ እንዳትለብስ፥ ለአምልኮ ሥርዓት ካልሆነም በቀር በከተማ ውስጥ በሠረገላ እንዳትሄድ ታዘዘ። ጦርነቱ አልፎ ወንዶቹ ሐምራዊ ጥለት ወዳለው ልብሳቸው ሲመለሱ ሴቶቹ በእገዳው ውስጥ ቀሩ፤ በ195 ሕጉ ይሻር የሚል አሳብ በቀረበ ጊዜ ግን፥ ድምፅ የመስጠት መብት ፈጽሞ ያልነበራቸው እነዚያ እመቤቶች፥ ባሎቻቸው ቢከለክሏቸውም፥ ወደ ፎሩም የሚያደርሰውን ጎዳና ሞልተው የሚያልፈውን ሹም ሁሉ እየለመኑ፥ ከገጠርም ሌሎች እየተጨመሩላቸው፥ ሕጉን ይደግፉ የነበሩትን ብሩቶስ የተባሉ ሁለት የሕዝብ ጠበቆች በየደጃቸው ከበው ተቃውሟቸውን እስኪተዉ ድረስ አልተመለሱም። ቆንሲሉ ካቶ ሴቶች ከወንዶች ጋር በተተካከሉ ጊዜ ይሠለጥኑባቸዋል ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ ሕጉ ይሻር ያለው የሕዝብ ጠበቃ ሉክዮስ ዋሌርዮስም ባል ሐምራዊ ለብሶ፥ ፈረሱ እንኳ ተሸልሞ፥ ሚስት ብቻ እንዴት ትከለከላለች ሲል መለሰለት። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻረ። የአንድ ጥለት ጉዳይ እንዲህ ያለውን ድፍረት መውለዱን የሚንቁ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን ሹመትና ሰልፍ፥ የድል በዓልም ለተነፈጋቸው ሴቶች ልብሳቸው ብቸኛው የክብር ዓርማቸው ስለ ነበረ፥ ድፍረታቸውን ተገቢ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ካቶ ቂሙን አልረሳም፤ በ184 የሕዝብ ቈጣሪና የምግባር ተቈጣጣሪ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፥ ዋጋው አስ በተባለው የሮሜ ገንዘብ ከ15,000 የሚበልጠው የሴት ልብስና ጌጥ በዐሥር እጥፍ ተገምቶ ቀረጥ እንዲከፈልበት አደረገ። ይህም ቢሆን የምሥራቁን ሸቀጥ አላገደውም፤ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣው ስስ ሐር በሮሜ ገበያ ከተስፋፋ በኋላ፥ በጢባርዮስ ቄሳር ዘመን፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ16 ዓመተ ምሕረት፥ የመማክርቱ ጉባኤ ስለ ሐር ሌላ ክልከላ ደነገገ፤ በዚህ ጊዜ ግን እንዳይለብሱ የታዘዙት ወንዶቹ ነበሩ።