ጫኝና አውራጅነት፦ የሥራው ጠባይ፣ አደጋውና የሕግ ጥበቃው

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር ዞን የእስቴ አካባቢ ማዕከል ናት። በዙሪያዋ የሚመረተው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ድንች ወደ ገበያ ሲወጣ፣ የአፈር ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና የፋብሪካ ሸቀጥም ወደ አካባቢው ሲገባ የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው በሰው ጉልበት ነው። በመጋዘን ደጃፍና በጭነት መኪና ላይ የሚሠሩት ጫኝና አውራጆች ሥራቸው ካልተሳለጠ እህሉም ማዳበሪያውም በጊዜው ካሰበው አይደርስም።

የሥራው ወቅት

ሥራው ወቅት አለው። ከኅዳር እስከ ጥር የአዲስ ምርት ጭነት ይበዛል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ደግሞ የማዳበሪያው ሥራ ይበረታል። ከውጭ የሚገዛው ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጓጉዞ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘን፣ ከዚያም ወደ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይደርሳል። በየጣቢያው አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ ይጫናል። አርሶ አደሩ እጅ እስኪገባ ድረስ አንድ ከረጢት ብዙ ትከሻ ይፈራረቅበታል።

የድካሙን ልክ በስሌት ማየት ይቻላል። 400 ኩንታል ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ባለ 50 ኪሎ ግራም 800 ከረጢት ይይዛል። ስምንት ሰዎች ቢያወርዱት ለእያንዳንዳቸው 100 ከረጢት፣ ማለትም 5 ሺህ ኪሎ ግራም ይደርሳቸዋል።

አንድ ሰው ምን ያህል ይሸከም?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው 128ኛ ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጅ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ ወደዚህ ልክ እንዲቀነስ ይመክራል። የማዳበሪያና የሲሚንቶ ከረጢት ከዚህ ልክ በታች ነው። በአንጻሩ 100 ኪሎ ግራም የሚይዘው የእህል ጆንያ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ኩንታሉን ለሁለት መክፈል፣ ለሁለት ሆኖ ማንሳት ወይም በጋሪ መግፋት የሠራተኛውን ወገብ ከጉዳት ያድናል።

ሸክም ሲነሣ ጉልበትን ማጠፍ እንጂ ወገብን መስበር አይገባም። ጆንያውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝ፣ መዞር ሲያስፈልግም ወገብን ከመጠምዘዝ ይልቅ እግርን ማዞር ይመከራል። ከመኪና ወደ መሬት የሚዘረጋው መረማመጃ ጣውላ የጸና፣ ጭቃና ዘይት የሌለበት መሆን አለበት።

በመጋዘን ውስጥ

ዩሪያ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በባዶ ወለል ላይ ከተደረደረ ይረጋል። ከረጢቱን በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳ ማራቅና ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት የተለመደ የመጋዘን ሥርዓት ነው። ድርድሩ እንደ ጡብ ተጠላልፎ ካልተሠራ ይናዳል፤ ከሥር መዞ ማውጣትም ለሕይወት ያሰጋል። አየር የማያስገባው የእህል ማቆያ ከረጢት በመንጠቆ ከተወጋ ወይም ከከፍታ ከተጣለ ነቀዝ የመከላከል አቅሙን ያጣል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የማይታየው ነው። በእህል መጋዘን ለነቀዝ ማጥፊያ የሚቀመጠው የአልሙኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል። መድኃኒት የተደረገበት መጋዘን በር ላይ ማስጠንቀቂያ ሊለጠፍ ይገባል። ባለሙያ ከፍቶ አየሩ በሚገባ መለወጡን ሳያረጋግጥ ጭነት ለማውጣት መግባት፣ በውስጡም ማደር ሕይወት ያስከፍላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ለትርፍ ሰዓት ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል።

አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣት ሠራተኞችም ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መሳብ ወይም መግፋት በሚጠይቅ የጭነትና የመጋዘን ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ ያዛል። ትምህርቱን ትቶ ወደ ከተማ የመጣ ታዳጊ ጉልበት አለው ተብሎ ጆንያ ሊጫንበት አይገባም።

ወቅታዊ ሥራም በሕጉ ይታቀፋል። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ፣ የፈረመበት መግለጫ በ15 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ጫኝና አውራጆች የሚሠሩት በቅጥር ሳይሆን በማኅበር ተደራጅተው፣ በጭነት ልክ እየተከፈላቸው ነው። አዋጁ በራሱ ኃላፊነት ለሚሠራ ሰው ስለማይሠራ አንድ የማኅበር አባል ከመኪና ወድቆ ሲጎዳ “አሠሪው ማን ነው?” የሚለው ጥያቄ ያወዛግባል። መፍትሔው አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነው፤ ማኅበሩ ከመጋዘን ባለቤቱ ጋር የሚገባው ውል ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም በግልጽ ይጻፍበት። ከየዕለቱ ገቢ ጥቂት እየተነሣ የሚቀመጥ የመረዳጃ ገንዘብም ለክፉ ቀን ይሆናል።

የባለ ጭነቱ ድርሻ

አርሶ አደሩና ነጋዴው የጭነትና የማውረጃ ሒሳቡን ዕቃው ከመነካቱ በፊት በኩንታል ወይም በከረጢት ተነጋግረው ቢወስኑ ከጭቅጭቅ ይድናሉ። ከረጢት ሲወርድና ሲጫን ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ቢቆጥር፣ የተቀደደውና የረጠበው እዚያው ተለይቶ ቢመዘገብ ጉድለት በተሸካሚው ላይ አይላከክም። በመንግሥት መጋዘን ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 መመዝገቡም ንብረቱንም ሠራተኛውንም ይጠብቃል።